የትኛውን እርሾ ልግዛ? ከሜልበርን ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሜልበርን፣ ሰንሻይን ነው የምኖረው። ዕድሜዬ 34 ነው። እናቴ ጎጃም ውስጥ አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችን። አሁን እኔም እዚህ በትንሹ፣ ለቤት ያህል፣ ልሞክር አስቤያለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ‹ቱርቦ የሚባለውን እርሾ ግዛ፣ በጥቂት ቀን 18 በመቶ ያደርስልሃል› ይለኛል። ሌላው ደግሞ የሱፐርማርኬት የዳቦ እርሾ ይበቃል ይላል። የትኛውን ልግዛ? ከየት ነው የሚገኘው? ጥንስስ ከአገር ቤት ማስመጣትስ ይቻላል? እርስዎ የጠመቃ ባለሙያ ስለሆኑ ይንገሩኝ።»

ወንድሜ፣ በቅድሚያ ባጭሩ ልመልስልህ። ቱርቦውን ተወው። የዳቦ እርሾ ከምትገምተው በላይ ይሠራል። ለጠጅ ከሆነ የወይን እርሾ ይሻልሃል። ጥንስስ በሻንጣ አታስመጣ፣ እዚሁ የራስህን ማቆየት ትችላለህ። ግን ከእርሾው የሚቀድም ጉዳይ አለ። እሱን ዘልዬ ስለ ፓኬት ባወራህ በደልኩህ ማለት ነው።

በአውስትራሊያ ያለ ፈቃድ አረቄ ማውጣት ክልክል ነው። «ለቤት ያህል» የሚል ቀዳዳ ሕጉ ውስጥ የለም። አንድ ጠርሙስ ብቻ ብታወጣም፣ ለማንም ሳትሸጥ ራስህ ብትጠጣውም ያው ነው። ጉዳዩን የሚይዘው የታክስ ቢሮው ነው፣ ምክንያቱም ነገሩ የኤክሳይስ ታክስ ነው። በጠንካራ መጠጥ ላይ ያለው ታክስ በ1 ሊትር ንጹሕ አልኮል ከ100 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ደርሷል። 40 በመቶ አልኮል ያለው አንድ የ700 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ብቻውን 28 ዶላር የሚያህል ታክስ አለበት ማለት ነው። መንግሥት ለምን እንደሚከታተለው ከዚህ ይገባሃል።

ስለ ማውጫው ዕቃም ሰዎች ይደናገራሉ። እስከ 5 ሊትር የሚይዝ ማውጫ ያለ ፈቃድ መያዝ ይቻላል። ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ለመግዛትም ለመያዝም ከታክስ ቢሮው ፈቃድ ያስፈልጋል። ነገር ግን ትንሿን መያዝ ይቻላል ማለት በሷ አረቄ ማውጣት ይቻላል ማለት አይደለም። ውሃ ልታጣራባት፣ የቅጠል ዘይት ልታወጣባት ትችላለህ። አልኮል ከሆነ ፈቃድ ነው።

«ታዲያ ሱቁ ውስጥ ለምን ይሸጣል?» ትለኝ ይሆናል። እርሾ መሸጥም መግዛትም ወንጀል አይደለም። ደግሞም መደርደሪያ ላይ ከምታያቸው ቱርቦዎች ውስጥ በጣም የታወቁት የኒውዚላንዱ የስቲል ስፒሪትስ ምርቶች ናቸው። ኒውዚላንድ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ሰው ለራሱ የሚጠጣውን ቤቱ እንዲያወጣ ፈቅዳለች። አውስትራሊያ አልፈቀደችም። ባሕሩን ሲሻገር ፓኬቱ ያው ነው፣ ሕጉ ግን ሌላ ነው። በዚህ የተሳሳቱ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ አንተ እንዳትሆን።

ቢራ፣ ወይን፣ ጠጅ፣ ጠላ ግን ሌላ ነገር ነው። ለራስህና ለቤተሰብህ፣ ሳትሸጥ፣ ቤትህ መጥመቅ ትችላለህ። እናም ከዚህ በታች የምጽፍልህ እስከ ድፍድፉ ድረስ ያለውን ነው። የኔም ሙያ እሱ ነው፤ 15 ዓመት እዚህ ቪክቶሪያ ውስጥ በጠመቃ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። አንድ ቀን ከልብህ ወደ አረቄው መሄድ ከፈለግክ ደግሞ መንገዱ ፈቃድ ማውጣት ነው። የማይቻል አይደለም። በእ.ኤ.አ. 1992 ቢል ላርክ የሚባል ሰው ታዝማኒያ ውስጥ በትንሽ ማውጫ ለመሥራት ፈቃድ አገኘ። በዚያች ደሴት ከ1839 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ የታዝማኒያ ውስኪ በዓለም ይታወቃል። ከ2021 ሐምሌ ጀምሮ ደግሞ ፈቃድ ያለው አነስተኛ አምራች በዓመት እስከ 350,000 ዶላር የሚደርስ ኤክሳይስ ይቀርለት ጀመር። የእናቱን አረቄ በስሙ አሽጎ የሚሸጥ ሐበሻ ባይ ደስ ይለኛል፤ ይህን ስል ከልቤ ነው።

አሁን ወደ እርሾው።

መጀመሪያ «18 በመቶ ያደርስልሃል» የሚለውን ነገር እናጥራው። እርሾ አልኮል ይዞ አይመጣም። ስኳር ይበላል፣ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ከ100 ግራም ግሉኮስ ቢበዛ 51 ግራም አልኮል ነው የሚገኘው፣ የቀረው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። እኛ ጠማቂዎች ሒሳቡን አቅልለን ነው የምንይዘው፦ በ1 ሊትር ውስጥ 17 ግራም ስኳር 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል። 4 ኪሎ ስኳር በጥብጠህ ጠቅላላውን 20 ሊትር ብታደርገው በሊትር 200 ግራም ይደርሳል። ይሄ 12 በመቶ ገደማ ነው። የትኛውንም እርሾ ብትጨምርበት ከዚያ ብዙም አያልፍም፣ የሚበላው አልቋላ! የቱርቦው መመሪያ ለ25 ሊትር ከ6 እስከ 8 ኪሎ ስኳር ጨምር ይላል። 18 በመቶው የመጣው ከስኳሩ ብዛት ነው። እርሾው የሚያደርገው ያንን ሁሉ አልኮል ችሎ ሳይሞት መቆየት ነው።

ዋጋው ታዲያ የሚከፈለው በጣዕም ነው። እርሾ ሕይወት ያለው ፍጡር ነው። በወፍራም ስኳር ውስጥ ሲገባ ይጨነቃል። በፍጥነት ሲሠራ ሙቀት ያመነጫል፣ 25 ሊትር ባልዲ በራሱ ሙቀት ከክፍሉ በላይ ይግላል። የተጨነቀና የጋለ እርሾ ደግሞ የማትፈልጋቸውን ነገሮች ያወጣል። ፊውዝል የሚባሉትን ከባድ አልኮሎች፣ ያልበሰለ ፖም የሚሸተውን አሴታልዴሃይድ። ጉሮሮ የሚያቃጥለውና ጠዋት ራስ የሚበጠብጠው አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ቱርቦ በሚሸጥበት መደርደሪያ ላይ የተዘጋጀ ከሰል የሚሸጠው ለምን እንደሆነ አስበህ ታውቃለህ? ሽታውን በኋላ ለማጣራት ነው። ዕቃው የተሠራው ጣዕም የሌለው ንጹሕ አልኮል አውጥተው በሽሮፕ ለሚያጣፍጡ ሰዎች ነው። እናትህ የሚያወጡት አረቄ ግን ጣዕሙ ራሱ ነው የሚፈለገው። ዳጉሳው፣ ብቅሉ፣ ጌሾው መሽተት አለበት።

አንድ ጊዜ ይህንን ለአንድ ወጣት ሠራተኛችን ለማሳየት ሁለት ባልዲ ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር። ሁለቱም ላይ ያው ዓይነት ስኳርና ያው ውሃ፣ ልዩነቱ በመጠኑና በእርሾው ነው። አንደኛው ላይ በመመሪያው ልክ ስኳሩን አብዝቼ ቱርቦ ጨመርኩ። ሁለተኛው ላይ ስኳሩን ወደ 10 በመቶ በሚያደርስ ልክ አድርጌ ተራ የዳቦ እርሾ ከትንሽ የእርሾ ምግብ ጋር። በሁለተኛው ቀን ቱርቦው ላይ እጄን ሳሳርፍ ባልዲው እንደ ሻይ ብርጭቆ ይሞቃል። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸት አፍንጫዬን ወጋኝ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዓይነት ሽታ ነው። የዳቦ እርሾው ለብ ያለ ነው፣ የሚሸተውም ለሊት ያደረ ሊጥ ነው፣ ከሥሩ ትንሽ ሙዝ ሙዝ ይላል። ልጁ ሁለቱንም አሽትቶ ምንም አልጠየቀኝም። ቱርቦው በ4 ቀን ጨረሰ። የዳቦው 9 ቀን ወሰደ። ምርጫው ያለው እዚያ 5 ቀን ላይ ነው።

የስኮትላንድ ውስኪ ቤቶችን ተመልከት። የገብስ ብቅል በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ከእርሾ ጋር ያፈሉት ድፍድፍ 8 በመቶ አካባቢ ነው ሲጨርስ። ከዚያ በላይ መግፋት አቅቷቸው አይደለም። ከ8 በመቶ የሚወጣው ጣዕም ከ18 በመቶ አይወጣም። የአገራችን ድፍድፍም በዚያው ሰፈር ነው። እናትህ በሃይድሮሜትር (የፈሳሹን ስኳር በሚለካው ዕቃ) ሳይለኩ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነበሩ።

ስለዚህ እርሾ ስትመርጥ «ስንት በመቶ ይደርሳል?» ብለህ አትጀምር። ሦስት ነገር ጠይቅ። የማፈላው ምንድን ነው? ክፍሌ ስንት ዲግሪ ነው? ምን እንዲሸት እፈልጋለሁ?

የዳቦ እርሾን ልጀምር፣ ብዙ ሰው ስለሚንቀው። ኮልስና ዉልዎርዝስ ውስጥ ሎዋንና ታንዳኮ የሚባሉትን ታገኛለህ፣ ከዱቄቱ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። ትልቅ የጋጋሪ ፓኬት ከፈለግክ ማውሪፓን የሚለውን የዳቦ ቤት ዕቃ አቅራቢዎች ይይዛሉ። ግማሽ ኪሎው በግራም ሲሰላ ከወይን እርሾ በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ዝርያው ከአብዛኛው የቢራና የወይን እርሾ ጋር አንድ ነው፤ ሳክሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ይባላል። ልዩነቱ ለምን ሥራ እንደተመረጠ ነው። የዳቦው የተመረጠው ቶሎ ተነስቶ ሊጥ እንዲነፋ ነው። እስከ 10 ወይም 12 በመቶ አልኮል ያለ ችግር ይደርሳል። ለስኳር፣ ለሞላሰስና ለእህል ድፍድፍ ጥሩ ነው፣ የሞላ ሽታም ይሰጣል። ሁለት ጉድለት አለበት። አረፋው ይበዛል፣ ስለዚህ ባልዲህን እስከ አፉ አትሙላ። ሲጨርስ ደግሞ ቶሎ አይረጋም፣ አተላው ላላ ብሎ ይቀመጣል፣ ሁለት ሦስት ቀን ብርድ ላይ ማቆየት አለብህ። ለ20 ሊትር ከ40 እስከ 50 ግራም እኔ እጨምራለሁ።

ከወይን እርሾዎች በየሱቁ የማይጠፋው ኢሲ-1118 ነው። ከሻምፓኝ አገር የተወሰደ ነው፣ ላልቪን በሚል ስም በ5 ግራም ከረጢት ይሸጣል። ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ይሠራል፣ እስከ 18 በመቶ ይችላል፣ አረፋው ትንሽ ነው፣ ብዙ ምግብም አይጠይቅም። የማይከዳ እርሾ ነው። ነገር ግን ለሚጠጣ ጠጅ እኔ አልወደውም። ማሩን ሙጥጥ አድርጎ ይበላውና ደረቅ፣ ባዶ ያደርገዋል። ሌላ እርሾ የጀመረውን ድፍድፍ ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎት ሲቆም ለማስጨረስ ግን ወደር የለውም። ለጠጅ 71ቢ የሚባለውን ውሰድ። ከዚያው ከላልቪን ነው። እስከ 14 በመቶ ይሄዳል፣ የፍራፍሬ ሽታ ይሰጣል፣ አፍ ላይም ለስለስ ይላል። በየሎው ቦክስ ማር ሞክረው። የባሕር ዛፍ ማር ነው፣ እዚህ ቪክቶሪያና ኒው ሳውዝ ዌልስ ይመረታል፣ ጌሾው ውስጥ ሲገባ የሚሰጠው ሽታ እኔን አሁንም ያስገርመኛል።

ለአረቄ ተብለው የተመረጡ እርሾዎችም አሉ። ፌርሜንቲስ ሳፍስፒሪት በሚል ስም፣ ላሌማንድ ደግሞ ዲስቲላማክስ በሚል ስም ያወጧቸዋል። ለሸንኮራ፣ ለገብስ፣ ለፍራፍሬ ተብለው ለየብቻ ይመጣሉ። ጥሩ ዕቃዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ በግማሽ ኪሎ የታሸጉ ስለሆነ ለባለፈቃድ ሠሪ እንጂ ለአንድ ባልዲ አይመቹም።

አሁን ወደ ሙቀቱ። የሜልበርን ጋራዥ በክረምት 10 ዲግሪ ነው፣ በጥር ደግሞ 38 ሊገባ ይችላል። ፐርዝና ዳርዊን ያሉ ወንድሞቻችን ከዚህ የባሰ ችግር አለባቸው። አብዛኛው እርሾ የሚደሰተው ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ከ30 ሲያልፍ ያ የነገርኩህ የሚወጋ ሽታ ይመጣል። በበጋ ባልዲውን ሰፊ የውሃ ገንዳ ውስጥ አስቀምጥና ጠዋትና ማታ በረዶ የያዘ የላስቲክ ጠርሙስ ቀያይርበት። ይሄ ርካሽ ዘዴ ከማንኛውም ውድ ፓኬት በላይ ይጠቅምሃል። ቤትህ በምንም መንገድ የማይቀዘቅዝ ከሆነ ክቬይክ የሚባለውን ጠይቅ። የኖርዌይ ገበሬዎች በየቤታቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያቆዩት የኖሩት እርሾ ነው። እስከ 35 ዲግሪና ከዚያም በላይ ንጹሕ አድርጎ ያፈላል። የሚገርመው አቆያየቱ ነው። አረፋውን ወይም አተላውን ወስደው ያደርቁታል፣ በሚቀጥለው ጠመቃ ያስነሱታል። ከኛ ጥንስስ ጋር ወንድማማች ነው።

ይሄ ወደ እናትህ ጋን ይወስደናል። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ከውጭ አገር ያሉ ልጆች ሲሞክሩ በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

እናትህ እርሾ ገዝተው አያውቁም። ጋኑን በግራዋ አጥበው፣ በወይራ አጥነው፣ ጌሾና ብቅል በውሃ ይጠነስሳሉ። ጥንስሱ ውስጥ የነበረው አንድ ዘር እርሾ አይደለም። ጌሾው፣ ብቅሉና ጋኑ ላይ ያደሩ ብዙ እርሾዎችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አብረው ነው የሚሠሩት። ያ ቀላል ኮምጣጣነት የመጣው ከባክቴሪያዎቹ ነው። እና ደግሞ ብቅሉ ትልቅ ሥራ አለበት። እርሾ ስኳር እንጂ ስታርች፣ ማለትም የእህሉን ዱቄት፣ መብላት አይችልም። የበቆሎ ዱቄት በውሃ በጥብጠህ ላዩ ላይ የዓለምን ምርጥ እርሾ ብትነሰንስ ምንም አይፈላም። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቆርጠው ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው። «እርሾው አልሠራልኝም» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ብቅሉን ረስቶ ነው።

እዚህ አገር የገብስ ብቅል በየጠመቃ ሱቁ በኪሎ ይሸጣል፣ ይፈጩልሃልም። የበሰለ እህል ላይ ጨምረህ 65 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሰዓት ብታቆየው ይጣፍጣል። ቀምሰህ ታውቀዋለህ፣ ምላስህ ላይ ስኳር ሲሆን ትሰማዋለህ። ከዚያ ከ30 በታች አቀዝቅዘህ እርሾህን ጨምር። ሌላው መንገድ አንጅል የሚባለው የቻይና ኩባንያ የሚሠራው ባለ ቢጫ መለያው ዱቄት ነው። ውስጡ እርሾ ብቻ አይደለም፤ ስታርች የሚቆርጡ ኢንዛይሞችም አሉበት። ስለዚህ እህሉን ሳታበስል፣ ያለ ብቅልም ይሠራል። በኢንተርኔት ይሸጣል። በቆሎ፣ ሩዝ፣ ማሽላ ላይ ጎበዝ ነው፣ ሙቀትም ይወዳል። ግን የራሱ የሆነ የሩቅ ምሥራቅ ሽታ አለው። ለአገር ቤት ጣዕም ብቅሉን እመርጣለሁ።

ጥንስስ ወይም እርሾ ከአገር ቤት ማስመጣት ለጠየቅከው፣ አታድርገው። የአውስትራሊያ የባዮሴኩሪቲ ቁጥጥር (ተባይና በሽታ ከውጭ እንዳይገባ የሚደረገው) ጠንካራ ነው። እህል፣ ብቅል፣ ቅጠል፣ ማር፣ ሕይወት ያለው እርሾ ሁሉ በመግቢያ ካርዱ ላይ መገለጽ አለበት። ሳይገልጹ መያዝ አየር ማረፊያው ላይ ያስቀጣል፣ ዕቃውም ይወሰዳል። ጌሾ ስትፈልግ እዚሁ ፉትስክሬይ ያሉትን የሐበሻ ሱቆች ጠይቅ፣ እነሱ አስመጥተው የሚሸጡት ቁጥጥሩን አልፎ የገባ ነው። ጥንስሱን ደግሞ ራስህ ፍጠር። የመጀመሪያው ጠጅህ ሲያልቅ ከሥሩ የቀረውን አንቡላ አትድፋው። በፈላ ውሃ ባጠብከው ብርጭቆ ውስጥ ከተህ ክዳኑን ላላ አድርገህ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው። ሦስት አራት ሳምንት ይቆያል። ለሚቀጥለው አንድ ሲኒ ብትጨምር ይነሳል። ከአራት አምስት ዙር በኋላ ፓኬቱ ላይ ከነበረው ይለያል፣ የቤትህ ይሆናል።

ስለ ምግቡም ልናገር። ስኳር ለእርሾ ነዳጅ ነው፣ ግን ሰውነት የሚሠራበት ናይትሮጅን የለውም። ማርም በጣም ትንሽ ነው ያለው። ለዚህ ነው ጠጅ ወር ሙሉ የሚንፈቀፈቀው። የጠመቃ ሱቆች ዳፕ የሚባል ነጭ ጨው ይሸጣሉ፣ ዳያሞኒየም ፎስፌት ነው። ለ20 ሊትር የስኳር ውሃ 20 ግራም በቂ ነው፣ ለሁለት ከፍለህ በመጀመሪያው ቀንና በሦስተኛው ቀን ጨምር። በምግብ ዕቃ መደብ የተሸጠውን ግዛ፣ የእርሻ ማዳበሪያ አይደለም። ዩሪያ የሚባለውን ደግሞ በምንም አትጠቀም፣ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ኤቲል ካርባሜት ይፈጥራል፤ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ነገር ነው። ምንም መግዛት ካልፈለግክ ሁለት ማንኪያ የዳቦ እርሾ በውሃ ቀቅለህ ግደልና ጨምረው። ሕያዋኑ የሞቱትን ይበሏቸዋል።

በንጹሕ ስኳር ስትሠራ ሌላ ችግር አለ፣ አሲዱ። እርሾ ሲሠራ ፈሳሹን ያኮመጥጣል፣ ስኳር ደግሞ ይህን የሚያለዝብ ነገር የለውም። የአሲዱ መለኪያ የሆነው ፒኤች (ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ከ3 ሲወርድ እርሾው ይቆማል። ሰው እርሾው ሞተ ብሎ ሌላ ፓኬት ይገዛል፣ እሱም ይቆማል። መፍትሔው እዚህ አገር ቀላል ነው። ለዶሮ የሚሰጥ የተፈጨ የባሕር ዛጎል በእንስሳት መኖ ሱቅ ይሸጣል። አንድ እፍኝ አጥበህ በፈላ ውሃ አሳልፈህ ባልዲው ሥር ጣለው። አሲዱ ሲበዛ ዛጎሉ ይሟሟል፣ ሲበቃው ይተዋል። በራሱ የሚሠራ መለኪያ ነው።

ስትገዛ የምታየው ነገር ቀኑንና አቀማመጡን ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ የጠመቃ ሱቅ አምስት ከረጢት የወይን እርሾ ገዛሁ። ቀናቸው ገና ስምንት ወር ይቀረው ነበር። የተቀመጡት ግን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ነበር፣ እኔም ቸኩዬ አላሰብኩበትም። 60 ሊትር የማር ውሃ ላይ ጨመርኩት። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ላዩ ላይ ነጭ ሽፋን ወጣ፣ ኮምጣጤ ሽታ። የደከምኩበት ማር በሙሉ ተደፋ። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ፍሪጅ ውስጥ ካላስቀመጠው አልገዛም፣ ቤቴም ሲገባ በቀጥታ ፍሪጅ ነው።

ደግሞም ሳልፈትን አልጨምርም። አንተም ይህን አድርግ። በአንድ ብርጭቆ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ የሞቀ ውሃ አዘጋጅ፣ ክንድህ ላይ ስታንጠባጥበው ደስ የሚል ሙቀት ነው። ግማሽ ማንኪያ ስኳር ጨምር። እርሾውን ከላይ ነስንስና 15 ደቂቃ ተወው። መጀመሪያ ይጠልቃል፣ ከዚያ ከሥሩ እንደ ደመና እየተገላበጠ ይነሳል፣ ላዩ ላይ ክሬም የመሰለ አረፋ ይሠራል። ካልተነሳ የሞተ ነው። ከተነሳ ከባልዲው ትንሽ ወስደህ ብርጭቆው ላይ ጨምረህ አለማምደው፤ በሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ ልዩነት ካለ ድንጋጤው ይጎዳዋል። እርሾውን ከመጨመርህ በፊት ድፍድፉን በደንብ ናጠው፣ መጀመሪያ ላይ አየር ያስፈልገዋል። ከጀመረ በኋላ ግን አትነካካው።

ስለ ሜታኖል ሳትጠይቀኝ ልመልስልህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በእርሾው ይፈርዳል። እርሾ ከስኳር ሜታኖል አይሠራም ማለት ይቻላል። ትንሽ ሜታኖል የሚመጣው ፍራፍሬ ውስጥ ካለው ፔክቲን ነው፣ ከልጣጭና ከግንጣይ ጋር ሲፈላ ይጨምራል። ሰው በጅምላ የሚሞተው ግን አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ሜታኖል መጠጥ ውስጥ ሲቀላቀል ነው። በ2024 ኅዳር ላኦስ፣ ቫንግ ቪዬንግ ውስጥ 6 ቱሪስቶች ሞቱ፣ ሁለቱ የሜልበርን ልጆች ነበሩ። በዚህች ከተማ ያን ሰሞን ያላዘነ የለም። የት እንደተሠራ የማታውቀውን ጠንካራ መጠጥ አትጠጣ፣ ለእንግዳም አትቅዳ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ይህን ሥራ። 1 ኪሎ የሎው ቦክስ ማር በለብ ያለ ውሃ በጥብጠህ ጠቅላላውን 4 ሊትር አድርግ። ማሩ ውስጥ ውሃም ስላለ በሊትር 200 ግራም ስኳር አካባቢ ነው፣ 11 ወይም 12 በመቶ ይደርስልሃል። አንድ እፍኝ የጌሾ እንጨት ለብቻው 15 ደቂቃ ቀቅለህ ሲቀዘቅዝ ከነውሃው ጨምር፣ ያ ውሃ ከ4 ሊትሩ ውስጥ ይቆጠራል። ግማሽ ከረጢት 71ቢ አስነስተህ ጨምር። ክዳኑ ላይ ኤርሎክ (ጋዝ አስወጥቶ አየር የማያስገባ መክደኛ) አድርግ፣ አጥብቀህ አትዝጋው፣ ጋዙ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ጌሾውን በአምስተኛው ቀን አውጣው። ሃይድሮሜትር ካለህ ስትጀምር 1.080 አካባቢ ታነባለህ። ሦስት ሳምንት ቆይተህ ሁለት ቀን በተከታታይ ስትለካ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ጨርሷል። አንቡላውን ለይተህ አስቀምጥ። እናትህን ደውለህ ብቅሉን ስንት ቀን እንደሚያበቅሉት ጠይቅልኝ፣ የጎጃሙን እኔም መስማት እፈልጋለሁ።